ከመድኃኒት ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ የልጄን ዘር ይነካል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ባለቤቴ ከወንዙ በሞተር ውሃ እየሳበ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ያለማል። ከእኛ ከፍ ብሎ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ አለ። አንዳንድ ቀን ውሃው አረፋ ለብሶ ይመጣል፣ ሽታውም የክሊኒክ ሽታ ነው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጎረቤቴ «የመድኃኒት ፍሳሽ ዘር ያበላሻል፣ የልጅ ልጅሽ ድረስ ይሄዳል» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ነው? አፍልቼ ብጠቀምበትስ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር ልጀምር። ልጅሽ ከአንቺና ከአባቱ የወረሰው ዘረመል የተወሰነው በተጸነሰ ጊዜ ነው። ዛሬ ወንዙ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን አይለውጠውም። ዘርን ተከትሎ የሚወርድ ጉዳት እንዲኖር ጉዳቱ ከፅንስ በፊት በእንቁላሉ ወይም በወንዱ ዘር ላይ መድረስ አለበት፣ እሱም ቢሆን በሰው ላይ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ቦምብ የተረፉ ሰዎች በኋላ የወለዷቸው ልጆች ለአስርት ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ ከወላጆቻቸው የወረሱት የዘር ጉዳት እንደጨመረ በግልጽ አልታየም። ስለዚህ የጎረቤትሽን የልጅ ልጅ ነገር ለጊዜው ተይው።

ውሃው ደህና ነው እያልኩሽ ግን አይደለም።

በመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ዲኤንኤን (ዘረመል የተጻፈበትን የሴል ንጥረ ነገር) የሚነካ ነገር ሊኖር ይችላል። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች ሥራቸውም እሱ ነው፣ ዲኤንኤው ላይ ተጣብቀው ሴሉ እንዳይራባ ያደርጋሉ። መድኃኒት ለመቀመም የሚያገለግሉ እንደ ቤንዚን ዓይነት ማሟሟቂያዎችም አሉ (የመኪናውን ቤንዚን ሳይሆን ካንሰር በማምጣቱ የታወቀውን ኬሚካል ነው የምልሽ)። ይህን የሚመረምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በተራ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱን ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጠው ሥሩ ፍሳሹ ውስጥ እንዲያድግ ያደርጋሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሥሩን ጫፍ ቆርጠው፣ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ጤነኛ ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹ (ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮች) እኩል ተካፍለው ወደ ሁለት ወገን ይሄዳሉ። ፍሳሹ ዲኤንኤ የሚሰብር ከሆነ ግን ቁርጥራጭ መሃል ላይ ቀርቶ ይታያል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ወገን ሳይላቀቁ ተያይዘው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የናይጄሪያ ተመራማሪዎች የአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ በሽንኩርትም በአይጥም ሞክረው ጉዳቱን በሁለቱም አይተዋል፣ የወንድ አይጦቹ ዘር ሳይቀር ቅርጹ ተበላሽቶ ነበር። አይጦቹ ግን ፍሳሹን በቀጥታ ነው የተሰጡት። ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ቀጥኖ፣ ጎመን ላይ አርፎ የሚደርስሽ መጠን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የባክቴሪያው ዘረመል ነው።

ህንድ ውስጥ፣ ሃይደራባድ ከተማ አጠገብ፣ ፓታንቸሩ የሚባል ቦታ አለ። ወደ 90 የሚጠጉ መድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ የጋራ ማጣሪያ ይልኩ ነበር። የስዊድን ተመራማሪዎች ከማጣሪያው የወጣውን፣ ተጣርቷል የተባለውን ውሃ ወስደው መረመሩ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኘ፣ ያው እኛ ሲፕሮ የምንለው አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት። ሲፕሮ እየዋጠ ያለ በሽተኛ ደም ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የለም። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት በቀን 45 ኪሎ ያህል ሲፕሮ ወደ ወንዝ ይሄድ ነበር፣ መላው የስዊድን ሕዝብ በአምስት ቀን ከሚጠቀመው ጋር የሚተካከል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ የሚተርፈው መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘረመል ያለው ባክቴሪያ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዘረመሉን ለራሱ አያስቀረውም። ዝምድና ለሌለው ሌላ ባክቴሪያ፣ በሽታ ለሚያመጣውም ጭምር፣ ቀድቶ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት የዚያው አካባቢ ወንዝ ደለል በእነዚህ ዘረመሎች ተሞልቶ ተገኝቷል።

ይህ ነው ወደ ቤትሽ ሊገባ የሚችለው። ጨቅላ ሕፃን ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባበት ሐኪሙ መርፌውን ያዛል፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደ ግን መርፌው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ሞተዋል ተብሎ ተገምቷል። ያም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ አንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በጣም ዘግይቷል ባይ ነኝ።

የእኛ አገር ፋብሪካዎች በአብዛኛው እንደ ፓታንቸሩዎቹ መድኃኒቱን ከመነሻው አይቀምሙም። ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አምጥተው ይቀላቅላሉ፣ ክኒን ይጨምቃሉ፣ ካፕሱል ይሞላሉ። ፍሳሻቸው የሚመጣው በዋናነት ማሽን ሲታጠብ ነው። ጉዳቱ ያነሰ ይሆናል፣ የለም ግን አይባልም። ደግሞ አረፋውን አትመኚው። አረፋው ሳሙና ሊሆን ይችላል፣ ሲፕሮ ግን ውሃ ውስጥ ቢኖር በዓይን አይታይም። የተለመደው የፍሳሽ ምርመራ ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጨርስና አሲድነቱን ነው የሚለካው። አንቲባዮቲክን አይለይም፣ ስለዚህ «ተመርምሮ አልፏል» ሲባል አንቲባዮቲክ የለበትም ማለት አይደለም።

ማፍላቱን በተመለከተ፣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ አብዛኛውን ኬሚካል ግን አያስወጣውም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ ኬሚካሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የወንዙን ውሃ አፍልተሽም አትጠጪ፣ አታብስይበት። ሰላጣውን በጥሬው አትብዪ። ጎመኑና ቆስጣው በደንብ ሲበስሉ ባክቴሪያው ይሞታል። አቃቂ ላይ ግን ከቆዳ ፋብሪካና ከሌላም ቦታ የሚመጣ ክሮሚየምና እርሳስ አለ፣ ያ ደግሞ በእሳት አይጠፋም። ከቻልሽ እስክትወልጂና እስክታጠቢ ድረስ አትክልት ከሌላ ቦታ ግዢ። ለክትትል ስትሄጂ ወንዝ ዳር እንደምትኖሪ ለነርሷ ንገሪያት፣ የሚሰጡሽንም ፎሊክ አሲድ አታቋርጪ።

ለባለቤትሽም መልእክት አለኝ። ያ ሰላጣ ገበያ ወጥቶ የሌላ ሰው ልጅ በጥሬው ይበላዋል። ሰላጣውን ትቶ ተቀቅሎ ወደሚበላው ቢያዞር፣ ውሃውን ቅጠል ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ቢያፈስስ፣ ከመልቀሙ ጥቂት ቀናት በፊትም ማጠጣቱን ቢያቆም ባክቴሪያው በጣም ይቀንሳል።

ፋብሪካውን በተመለከተ ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ያዙ። ማንም ሰው፣ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ብቻሽን አትሂጂ። የወንዙ ዳር ገበሬዎች አንድ ላይ ፈርሙ፣ አረፋው የመጣበትን ቀንና ሰዓት መዝግቡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ውሃው ለአንቲባዮቲክም ጭምር እንዲመረመር በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ መቀላቀያ ማሽን አጣቢ ነኝ። ዱቄቱ ፊቴ ላይ ይቦናል። ገና አላገባሁም፣ መውለድ አትችልም ይሉኛል።
ሠራተኛው

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ለመናገር ካንተ በታች ወንዝ ዳር ካለችው እህት ይልቅ የምትጋለጠው አንተ ነህ። መጀመሪያ የምታጥበው የምን መድኃኒት እንደሆነ ጠይቅ። የካንሰር ወይም የሆርሞን መድኃኒት ከሆነ ያለ ሙሉ መከላከያ አትንካው። ጓንት፣ ቱታና ዱቄት የሚያግድ ማስክ ያለ ክፍያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ቱታውን ቤት ወስደህ አትጠብ። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ከሁለት ወር ተኩል በላይ ብዙም ስለማይፈጅ፣ ከዱቄቱ ስትርቅ ብዙውን ጊዜ በአዲስ ይተካል። ስጋት ካለህ ሐኪም ዘንድ ሄደህ የዘር ፈሳሽ ምርመራ አድርግ፣ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለኃላፊህ ንገረው። ማሽኑ ውሃ ከመንካቱ በፊት የተረፈው ዱቄት በደረቁ፣ በቫኪዩም ይሰብሰብና እንዲቃጠል ለብቻው ይቀመጥ። የመጀመሪያው እጣቢም ቱቦ ውስጥ ሳይገባ በበርሜል ይያዝ። አብዛኛው መድኃኒት ያለው እዚያ ላይ ነው።