የግዥ ክፍል የሚመዘነው ባስቀነሰው ዋጋ ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ በአዳማ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ የግዥ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን በየሩብ ዓመቱ የሚጠይቁኝ ከአቅራቢዎች ዋጋ ምን ያህል እንዳስቀነስኩ ብቻ ነው። የክፍሉን ሌላ አስተዋፅኦ በምን ላሳያቸው?

መልስ፦ ሥራ አስኪያጅዎ ቁጥር መፈለጋቸው ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ ቁጥሩ ዕቃው ሥራ ላይ ሳይውል፣ ገና ፕሮፎርማ ሲወዳደር መዘጋቱ ላይ ነው። ከስንዴው እንጀምር። እርጥበቱ 12 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል ስንዴ 88 ኪሎ ደረቅ ክብደት ሲኖረው፣ እርጥበቱ 15 በመቶ የሆነው ያለው 85 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ከአርሲ 400 ኩንታል ጭኖ በሚመጣ አንድ ተሳቢ ላይ ልዩነቱ 12 ኩንታል ይደርሳል። ደረቁን ስንዴ ከመፍጨቱ በፊት ፋብሪካው ራሱ በውሃ ያረጥበዋል፤ እርጥቡን የገዛ ግን ያንኑ ውሃ በስንዴ ዋጋ ከፍሎበታል፤ በዚያ ላይ በአዳማ ሙቀት መጋዘን ውስጥ የሚከተለው ሻጋታና ነቀዝ አለ። ስለዚህ የእርጥበት መለኪያ ይዞ በር ላይ የሚመልስ የግዥ ሠራተኛ፣ በኩንታል ጥቂት ብር ካስቀነሰው ይልቅ ለድርጅቱ ሊጠቅም ይችላል።

ደረሰኝም እንዲሁ ነው። ያለ ደረሰኝ በ100,000 ብር የተገዛ መለዋወጫ ርካሽ ቢመስልም፣ ግብር ሰብሳቢው ወጪውን ካልተቀበለ በ30 በመቶው የትርፍ ግብር ሒሳብ 30,000 ብር ተጨማሪ ያስከፍላል።

እንደ ኩሽኔታና ቺንጋ ያሉ የወፍጮ መለዋወጫዎችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፦ ከውጭ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ሲዘገይ ወፍጮው ይቆማል፤ ክፍያው በቀኑ የሚደርሰው አቅራቢም ዕቃ ሲጠፋ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ አይቸገርም።

ለማሳየት ግን «ይህን ያህል ኪሳራ አስቀርቻለሁ» ብለው ብቻዎን አይጻፉ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በቀላሉ ይጋነናል። በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ከሒሳብና ከምርት ክፍል ጋር ተስማምተው፣ ከእያንዳንዱ አቅራቢ ስንዴ በኩንታል የወጣውን ዱቄት፣ በጥራት ጉድለት የተመለሰውን ጭነትና በመለዋወጫ እጦት ወፍጮው የቆመበትን ሰዓት ምርት ክፍሉ እንዲመዘግብና እንዲፈርምበት ያድርጉ። ሥራ አስኪያጅዎ የሚጠይቁትን የዋጋ ቅናሽም በዚያው ሠንጠረዥ፣ ከአቅራቢው ስም ጎን ያስገቡት።