ጡቡን ሳይበሱ መስታወት መስቀል

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ አሮጌ የጡብ ቤት ውስጥ በኪራይ ነው። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ልስን የሌለው ቀይ ጡብ ነው። አከራዬ በድሪል መብሳት ክልክል ነው ብለውኛል። በተለጣፊ መስቀያ የሰቀልኩት ፍሬም በሁለተኛው ቀን ወደቀ። 7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መስታወትና ጥቂት ሰፌዶች መስቀል እፈልጋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ተለጣፊው የወደቀው በደንብ ስላልተጫኑት አይደለም። የጡብ ፊት ሸካራ ስለሆነ ሙጫው የሚነካው ወጣ ወጣ ያሉትን ጫፎች ብቻ ነው። አሮጌ ጡብ ደግሞ ቀይ ዱቄት ይለቃል፤ ሙጫው የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው። አምራቾቹም ለጡብ እንደማይሆን ማሸጊያው ላይ ይጽፋሉ። የግንባታ ማጣበቂያ በእርግጥ ይይዛል፤ ሲነሳ ግን የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይመጣል። ቀዳዳ ይደፈናል፣ የተገሸለጠ ጡብ ግን አይመለስም። ለዲፖዚትዎ ከድሪሉ የከፋው እሱ ነው።

ለእርስዎ የሚሆነው ብሪክ ክሊፕ ነው። ከስፕሪንግ ብረት የተሠራ መስቀያ ሲሆን፣ ባሉት ጥርሶች አንዱን ጡብ ከላይና ከታች ጠርዙ ነክሶ ይይዛል። የሕንፃ ዕቃ መደብሮች ውስጥ በዚሁ ስሙ ይጠይቁ።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ሁለት ልኬት ይውሰዱ። መጀመሪያ የጡቡን ቁመት፣ መጋጠሚያውን ሳይጨምሩ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 57 ሚሊሜትር (2 ኢንች ከሩብ) ነው፤ 70 ሚሊሜትር የሚደርስም አለ፣ ለሱ ሌላ መጠን ክሊፕ ይገዛል። ክሊፑ የሚለጠጠው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በግምት አይሂዱ። የአሮጌ ቤት ጡብ እርስ በርሱ እንኳ አይተካከልም፤ የሚለኩት የሚሰቅሉበትን ጡብ ራሱን ይሁን።

ሁለተኛው የመጋጠሚያው ጥልቀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በጡቦቹ መካከል ሆኖ የሚያያይዛቸው ሞርታር ከጡቡ ፊት ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጥርሱ የሚነክሰው ጠርዝ አያገኝም። ማስመሪያ በሁለት ጡቦች ፊት ላይ አቁመው ያስደግፉ፤ ከሥሩ፣ በመጋጠሚያው ውስጥ፣ ሁለት የክብሪት እንጨት ተደራርቦ ከገባ ይበቃል። ሞርታሩ ከጡቡ እኩል ከሆነ ወይም ተደጋግሞ የተቀባ ቀለም መጋጠሚያውን ከሞላው ክሊፑን አይግዙ።

ጡቡንም በጣትዎ አጥንት ኳ ኳ ያድርጉት። የባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ሲገፉት ከተነቃነቀ ይለፉት። በቁልፍ ሲጭሩት እንደ አሸዋ የሚረግፍ የኖራ ሞርታር ክሊፑን አያሰናክልም፣ የሚይዘው ጡቡን ነውና።

ጠርዞቹን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ፤ ውሃ አያስፈልግም። የክሊፑን አንዱን ጫፍ በጠርዙ ካስያዙ በኋላ ሌላውን ቀጭ እስኪል በአውራ ጣት ይጫኑት። ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ 25 ፓውንድ (11 ኪሎ ገደማ) የሚል ያገኛሉ፤ እኔ በአንድ ክሊፕ ከዚያ ግማሽ በላይ አልሰቅልም። ስለዚህ ለመስታወትዎ ሁለት ክሊፕ፣ በአንድ የጡብ ረድፍ ላይ። መስታወቱን ከመስቀልዎ በፊት በእያንዳንዱ ክሊፕ ላይ ውሃ የሞሉ አራት ባለ 2 ሊትር ጠርሙሶች በከረጢት አንጠልጥለው ያሳድሩ፤ ከሥሩ ትራስ ያንጥፉ። በአንድ ክሊፕ 8 ኪሎ ማለት ነው፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ብቻውን መስታወቱን ይይዘዋል።

ከመስታወቱ ጀርባ የተወጠረ ሽቦ ካለ ይፍቱት። ጠፍጣፋ ሆኖ የተወጠረ ሽቦ ክሊፖቹን ወደ መሃል ይጎትታቸዋል፣ ቀስ በቀስም ያንሸራትታቸዋል። በግራና በቀኝ ካሉት ቀለበቶች በቀጥታ ይስቀሉት። የአሮጌ ቤት የጡብ ረድፍ ቀጥ ያለ ስለማይሆን ውሃ ልክ ያስቀምጡበት፤ ካዘነበለ ዝቅ ያለውን ጎን በአጭር ሰንሰለት ሳይሆን ቀለበቱን በፍሬሙ ላይ ዝቅ አድርገው በማሰር ያስተካክሉ። ከፍታውን እንደልብ መምረጥ አይቻልም፤ ረድፉ በ67 ሚሊሜትር ገደማ ነው ከፍና ዝቅ የሚለው። ከፍሬሙ ጀርባ፣ ከታች ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ የጎማ ተለጣፊ ይለጥፉ፣ ጡቡ ፍሬሙን እንዳይፍቀው።

ሰፌዶቹ ቀላል ናቸው፣ አንድ አንድ ክሊፕ ይበቃቸዋል። ግድግዳው የውጭ ከሆነና ነጭ ጨው የሚመስል ዱቄት ካወጣ ግን እርጥበት አለው፤ ሰፌዱ ከጀርባው ይሻግታል። ቁራጭ ቡሽ ከኋላው አድርገው አየር ያሳልፉለት፣ ወይም ሌላ ግድግዳ ይፈልጉለት።

ጥልቀቱ ካልበቃ የቀረው አማራጭ ከወለል እስከ ጣሪያ በስፕሪንግ የሚወጠር ምሰሶ ነው፤ መስታወቱ የሚሰቀለው እሱ ላይ ይሆናል። በሞርታሩ ላይ የኮንክሪት ሚስማር በመዶሻ መምታትም ይቻላል፣ ግን ቀዳዳ ነውና አከራይዎን በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ በሚረግፍ የኖራ ሞርታር ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩት።

ቤቱን ሲለቁ የጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው የክሊፑን አንድ ጥርስ ከጠርዙ ፈልቀቅ ያድርጉት፤ ዓይንዎን ይጠብቁ፣ ስፕሪንግ ነውና ይፈናጠራል።