ወለልን ከሥር የሚገፋ የዳገት ውሃ

ከእንጅባራ የጻፉልኝ አባወራ፣ ዳገቱን ቆርጠው በሠሩት ቤት ውስጥ በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ የጓዳው ሊሾ ተሰነጣጥቆ ውሃ እንደሚያመነጭ፣ ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ ቢያስደፍኑትም ስንጥቁ ቦታ እየቀየረ እንደሚመለስ ገልጸው፣ ሌላ ኮንክሪት ልደርብበት ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

እባክዎ አይደርቡ። የክረምቱ ውሃ ወደ አፈሩ ከሰረገ በኋላ ከሥር ያለውን ድንጋይ ተከትሎ ቁልቁል ይወርድና፣ መውጫ ሲያጣ ከወለልዎ በታች በተነጠፈው ድንጋይ መካከል ይጠራቀማል። በዳገቱ በኩል ያለው ውሃ ከኮንክሪቱ የታችኛው ፊት በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ግን በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ሩብ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወለሉን ለማንሳት ይበቃል፤ ቢደርቡበትም ጥቂት ጊዜ ታግሦ መልሶ ይሰነጥቀዋል።

አስቀድመው ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪው መዞሩን ይዩ፤ ከዞረ ችግሩ የተሰበረ መስመር ሊሆን ይችላል።

ቆጣሪው ከቆመ መፍትሔው ውሃውን ቤቱ ሳይደርስ መቀበል ነው። በዳገቱ በኩል፣ ከወለሉ ኮንክሪት ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚል ቦይ ያስቆፍሩ። ቦዩ ከግንቡ መሠረት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ የወረደውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከግንቡ ይራቅ፤ ይህን የሚዘነጋ ቆፋሪ ግንብ ያስደረምሳል። በቦዩ ውስጥ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ጨርቅ አንጥፈው፣ ቀዳዳው ወደ ታች የዞረ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቁ ያስተኙ፤ ዙሪያውን በታጠበ ጠጠር ሞልተው ጨርቁን ከላይ ያጥፉት። ዳንግላ ውስጥ ጨርቁ ቀርቶበት የተሠራ ቦይ አስከፍቼ አይቻለሁ፤ ጠጠሩ በቀይ አፈር ተለውሶ፣ ቱቦው እንደ ገንፎ በወፈረ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር በተጠቀጠቀ አፈር ይድፈኑት፤ የጣራውን ውሃ በፍጹም ወደዚህ ቱቦ አይልቀቁ።

መውጫው ከቤቱ በታች ወዳለ ክፍት ቦታ፣ የጎረቤትን ግንብ በማይነካበት አቅጣጫ ይሁን። ቁፋሮውን ከጥቅምት በኋላ፣ አፈሩ ሲጠነክር ያሠሩ። በሚቀጥለው ሐምሌ ከመውጫው ጥርት ያለ ውሃ ሊወርድ ይገባል፤ ድፍርስነቱ ከሰነበተ ጨርቁ አንድ ቦታ ተቀዷል ማለት ነውና፣ ቱቦው ሳይደፈን ያስከፍቱት።