«ሙያህ ተፈላጊ ነው» ተባልኩ፤ ገንዘቡን ልክፈል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ32 ዓመት የከባድ ማሽነሪ መካኒክ ነኝ። በዶዘርና በኤክስካቫተር ጥገና ላይ 7 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የደረጃ 4 የብቃት ምዘናም አልፌያለሁ። አንድ ደላላ «ሙያህ ሳስካችዋን በምትባለው የካናዳ ግዛት ተፈላጊ ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ 80 ሺህ ብር ክፈልና ላስመዝግብህ» ብሎ ዝርዝሩን በወረቀት አሳየኝ። ባለቤቴንና ልጄን ቅጹ ላይ እንዳላስገባም መክሮኛል፤ ነጥብ ይቀንስብሃል ይላል። ምን ይመክሩኛል?
መ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይክፈሉ፣ ወንድሜ። የምጽፍልዎት እዚያው ሳስካችዋን፣ ሳስካቱን ከተማ ሆኜ ነው፤ ደብዳቤዎን ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ ነው።

ደላላው ያሳየዎት ዝርዝር ጊዜው አልፎበታል። ሳስካችዋን የተፈላጊ ሙያዎችን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 አስቀርታ በምትኩ የማትቀበላቸውን ሙያዎች ዝርዝር አወጣች። ከዚያ ወዲህ አመልካች የሚያጣራው ሙያው የተከለከለ መሆን አለመሆኑን ነው። ወደ ግዛቲቱ ለመምጣት ፍላጎትን የማሳወቂያ ቅጹን (ደላላው «ላስመዝግብህ» ያለዎትን) ራስዎ በነጻ መሙላት ይችላሉ። በግዛቲቱ ሕግ ሠራተኛን ሥራ ላስገኝልህ ብሎ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። የሚያግዝዎት ባለሙያ ከፈለጉ ጠበቃ ወይም የካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ ፈቃድ የሰጠው አማካሪ ይሁን፤ የአማካሪውን ስም ኮሌጁ በድረ ገጹ ባወጣው መዝገብ ላይ ፈልገው ያረጋግጡ።

ሙያዎ ግን በእርግጥም ዋጋ አለው። ይህ ግዛት ትራክተርና ኮምባይነር የሚርመሰመስበት የስንዴ አገር ነው። ከመሬቱ ሥር ደግሞ በእኛ ደናክል እንዳለው ዓይነት ፖታሽ የሚባለው የማዳበሪያ ማዕድን በብዛት ይወጣል። ማሽን የሚጠግን እጅ ሥራ አያጣም። ችግሩ በሩ መጥበቡ ነው። ግዛቱ ሰዎችን ለቋሚ ነዋሪነት የሚያጭበት ፕሮግራም አለው፤ የፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ለዚህ የሰጠው ኮታ 3,625 ሰው ብቻ ነበር፤ ከ2024 በግማሽ የቀነሰ መሆኑ ነው፤ በኋላ ግን በመጠኑ ጨምሯል። ከዚያም ላይ አብዛኛው ካናዳ ውስጥ ላሉ ጊዜያዊ ነዋሪዎች እንዲሰጥ ተወሰነ። ግዛቱ ለጤና፣ ለግብርናና እንደ እርስዎ ላሉ የእጅ ሙያዎች ቅድሚያ ሰጥቷል። ስለዚህ ተስፋ አይቁረጡ፤ ቸኩለውም ሥራዎን አይልቀቁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ነው። እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለመምጣት ሳመለክት ያያያዝኩት ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር፦ «ለሚመለከተው ሁሉ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሙያዋ አገልግላለች። ስለጠየቀች ይህ ማስረጃ ተሰጥቷታል።» ከሥሩ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም አለ። አገር ቤት ማኅተም ካለ ሁሉ አለ። ማመልከቻዬን ያየው ሰው ግን ጠዋት ገብቼ እስክወጣ በእጄ ምን እንደምሠራ ፈልጎ አጣ፤ ውድቅ አደረገው። ሌላ ደብዳቤ እስኪጻፍልኝ በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ስምንት ወር ደጅ ጠናሁ።

ካናዳ ለእያንዳንዱ ሙያ ባለ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር ሰጥታለች፤ የከባድ ማሽነሪ መካኒክ 72401 ነው። ከቁጥሩ ሥር የተዘረዘሩትን ተግባራት ያንብቡና ከእነርሱ ውስጥ በእርግጥ የሠሩትን በራስዎ ሥራ ቋንቋ ያስጽፉ። የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ፓምፕ ፈትተው ጠግነው ከሆነ ይጻፍ፤ የዶዘር ሞተር አውርደው ከሆነ ይጻፍ፤ ብልሽት በኮምፒውተር መርምረው ከሆነም እንዲሁ። ቃል በቃል ከድረ ገጹ የተገለበጠ ደብዳቤ ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል። የቅጥር ቀን፣ በሳምንት የሚሠሩት ሰዓት፣ ደመወዝና የሥራ መደብ መጠሪያ አይቅሩ። መጠሪያዎ «ረዳት» የሚል ከሆነና ሥራውን ለብቻዎ የሚሠሩ ከሆነ፣ ዛሬውኑ የሰው ኃይል ክፍሉን ያነጋግሩ።

እንግሊዝኛውን አይፍሩት፤ ለግዛቱ ፕሮግራም የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውጤት በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 4 ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ሲለካ በማዳመጥ 4.5፣ በማንበብ 3.5፣ በመጻፍና በመናገር 4.0 ማለት ነው። ከዚያ በላይ ካመጡ ነጥብዎ ይጨምራል። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ደብዳቤዎ ሳይስተካከል ፈተናውን አይቀመጡ።

ባለቤትዎንና ልጅዎን በተመለከተ ደላላው የነገረዎት ከ80 ሺህ ብሩ የከፋ ነው። ቤተሰብን መደበቅ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው፤ ከተደረሰበት አምስት ዓመት ከካናዳ ያሳግዳል። ሳይመዘገቡና በኢሚግሬሽን ሳይመረመሩ የቀሩ የቤተሰብ አባላትን በኋላ በቤተሰብ ጥሪ ማምጣትም ሕጉ ሊከለክልዎት ይችላል። አሁን አብረው ባይመጡ እንኳ «አብረው የማይጓዙ» ተብለው ይጻፋሉ እንጂ አይተዉም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንና የልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀት በዚህ ሳምንት ያውጡና በሕጋዊ ተርጓሚ ያስተርጉሙ።