ጀነቲክስ ወድጃለሁ፣ ግን እንጀራ ይሆነኛል?

ከአዳማ የጻፍሽልኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። የአክስትሽ ሁለተኛ ልጅ አልቢኖ ሆኖ፣ ማለትም ቆዳው፣ ፀጉሩና ዓይኑ ቀለም ጎድሎት ተወለደ። ሰፈሩ ብዙ አወራ፣ አክስትሽ ላይ ያልተለጠፈ ነገር የለም። አንቺ ደግሞ ባዮሎጂ ክፍል ስለ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የባሕርይ መመሪያ) እና ጂኖቹን ስለሚሸከመው ክሮሞዞም ስትማሪ ነገሩ በራልሽና "እኔ የምማረው ይሄን፣ ጀነቲክስን፣ የዘር ውርስ ሳይንስን ነው" አልሽ። አባትሽ ግን "በሱ ማን ይቀጥርሻል? ነርሲንግ ግቢ" አሉሽ።

አባትሽ ግማሽ ልክ ናቸው። "የጀነቲክስ ባለሙያ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ የምትጠብቂ ከሆነ ሰሌዳው ስር ፀጉርሽ ይሸብታል። ሥራው ግን አለ፣ በሌላ ስም ነው ያለው። ሰብል ማሻሻል፣ እንስሳት ማራባት፣ ሕክምና ላቦራቶሪ፣ ሕክምና። ስለዚህ መጀመሪያ የምትመልሺው ጥያቄ "በምን ላይ ልሥራበት?" የሚለው ነው። በሰው? በሰብል? በከብት?

እዚያ ከመድረሳችን በፊት የአክስትሽን ነገር እንጨርሰው፣ ምክንያቱም ከጻፍሽው ውስጥ አንድ የሳተ ነገር አይቻለሁ። "አልቢኖ የመውለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ከደረሰበት ቀጣዮቹ ነጻ ናቸው" ብለሻል። አይደሉም።

ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፣ 23 ጥንድ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ የእናት ነው፣ አንዱ የአባት። እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሠሩ ጥንዶቹ ይለያዩና እያንዳንዱ 23 ብቻ ይዞ ይወጣል። ከጥንዱ የትኛው ይወጣል? ዕጣ ነው። በቆዳም፣ በፀጉርም፣ በዓይንም ላይ የሚታየው የተለመደው አልቢኒዝም የሚመጣው ልጁ የተበላሸውን ጂን ከሁለቱም ወገን ሲወስድ ነው። አክስትሽና ባለቤቷ አንድ አንድ ደህና ቅጂ ስላላቸው ምንም አይታይባቸውም። ከእሷ ብቻ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው፣ ይሄን ለሰፈሩ ንገሪልኝ። ዕጣው ደግሞ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል፦ 25 በመቶ አልቢኖ፣ 50 በመቶ እንደ ወላጆቹ ሳይታይበት ተሸካሚ፣ 25 በመቶ ጭራሽ የሌለበት። ያለፈው ልጅ የሚመጣውን አይነካውም።

(የአዳማ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ልጁ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። ዓይኑንም በጊዜ ሐኪም ይየው።)

ይሄ ስህተት አያሳፍርሽም፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ግን አንድ ነገር ይጠቁመኛል፦ ጀነቲክስ ውስጥ የሚያስቸግርሽ ባዮሎጂው ሳይሆን ሂሳቡ ሊሆን ይችላል። ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ ካልወደድሽ ይሄ መስክ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያንገሸግሽሻል።

አሁን ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፣ አበባው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ለረጅም ጊዜ ሁለት ዓይነት ጤፍ በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባው ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበትና በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፕ ስር ጎንበስ ብሎ፣ የወንዱን ክፍል የአበባ ዱቄቱ ሳይፈስ በቀጭን መቆንጠጫ አውጥቶ፣ የሌላውን ዱቄት ማስነካት ነው። እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው አይሆንለትም። አየሽ፣ ቢሮ ውስጥ ኮት ለብሶ መቀመጥ አይደለም።

ቁንጮ የሚባለው ጤፍ የመጣው እንዲህ ነው። የቢሾፍቱው ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ ምርት የሚሰጠውን ዱከምን እጅግ ነጭ ከሆነው ከማኛ ጋር አዳቀለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ጂኖች ግን በየትውልዱ እንደ ካርታ ይበወዛሉ፣ አንድ ክሮሞዞም ላይ ጎን ለጎን ያሉት ደግሞ አብረው መሄድ ስለሚወዱ የምትፈልጊው ከማትፈልጊው ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ዘር ዘርተሽ፣ አብዛኛውን ጥለሽ፣ ለዓመታት ትመርጫለሽ። ትዕግስት የሌለው ሰው አይግባበት። የመንግሥት ተመራማሪ ደመወዝም ሀብታም አያደርግም፣ ይሄን ከአሁኑ እወቂው።

መንገዱስ? ጀነቲክስ በዋናነት በሁለተኛ ዲግሪ የሚጠለቅበት ነው፣ የመጀመሪያው ዲግሪ መግቢያ በር ነው። ሰብል ከሳበሽ ሐሮማያ ወይም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እጽዋት ሳይንስ ገብተሽ ወደ ሰብል ማሻሻል መቀጠል ትችያለሽ። ከቤት መራቅ ካልፈለግሽ እዚያው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አፕላይድ ባዮሎጂ አለ፣ የመግቢያ ማስታወቂያውን ግን ከአሁኑ ተከታተይ። ሰው ላይ መሥራት ከፈለግሽ ሕክምና ወይም ሕክምና ላቦራቶሪ። ላቦራቶሪ ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ላንቺ ደጋግሜ የማስበው እሱን ነው፦ ፒሲአር የሚባለውን፣ ጂን የተጻፈበትን ዲኤንኤ የሚያባዛውን ማሽን በእጅሽ ትለምጃለሽ፣ ተመርቀሽም ሆስፒታል የመግባት ዕድል ይኖርሻል፣ አባትሽም ትንሽ ይረጋጋሉ። ነርሲንግ ጥሩ ሙያ ነው፣ ግን በሰው ምርጫ ከገባሽበት በሽተኛውም አንቺም ትጎዳላችሁ።

ምርጫ ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አጠገባችሁ ነው፣ ቦሎቄ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ይሠራሉ። ትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ ይጻፍላችሁና ከጓደኞችሽ ጋር ሄዳችሁ አንድ ቀን ዋሉ። እዚያ ያሉትን ወጣት ተመራማሪዎች ምን ተምረው እንደገቡ፣ ቀኑን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ጠይቂያቸው። ከቻልሽ አባትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ።

የሂሳብ ውጤትሽን አልጻፍሽልኝም። የ11ኛና የ12ኛ ክፍሉን ላኪልኝ፣ የምርጫ ቅደም ተከተሉን አብረን እንየው።