«ሌጦ» በጉን ከብርድ ይጠብቀዋልን?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለ እንስሳት የውጭ አካል ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «ሌጦ በጉን ከብርድ ይጠብቀዋል፤ ቅርፊት ዓሣን ይሸፍነዋል» ብዬ ጻፍሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስሕተት ነው አሉኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትሁ? ዓሣ የሚዋኝበትንስ «ክንፍ» ማለት ይቻላልን?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው፤ ስሕተቱ ግን ከሳይንሱ ሳይሆን ከቃሉ ነው። በጉን ከብርድ የሚጠብቀው ፀጉሩ ነው፤ በፀጉሩ መካከል የሚያዘው አየር የሰውነቱ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ያግዳልና። («ሱፍ» ማለትም ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሕፃኑ ሱፍ ፍትፍት እንዳያስብ እሰጋለሁ።) ሌጦ የሚባለው በጉ ወይም ፍየሉ ታርዶ ከተገፈፈ በኋላ ነው። ነጋዴዎች «ቆዳና ሌጦ» ሲሉ ቆዳው የከብት፣ ሌጦው የበግና የፍየል ነው። ቆዳ የሚለው ቃል በሕይወት ላለውም ለታረደውም ያገለግላል፤ ቁርበት፣ አጎዛና ለምድ ግን እንደ ሌጦ ሁሉ ከእንስሳው ተለይተው ወደ ሰው እጅ የገቡ ናቸው፤ ቁርበቱ ይነጠፋል፣ አጎዛው ከነፀጉሩ ለፍቶ መቀመጫ ይሆናል፣ ለምዱ ይለበሳል። «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለውን አነጋገር ያስተውሉ፤ ለምዱ ያለው ተኩላው ላይ እንጂ በጉ ላይ አይደለም።

ግሦቹም ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃሉ። ፀጉር ይሸለታል፣ ላባ ይነጫል፣ ቅርፊት ይፋቃል፣ ቆዳ ይገፈፋል። ተማሪ ግሡን በትክክል ካወቀ ስሙን አይስትም።

ወደ ዓሣው ስንመጣ፣ «ክንፍ» ማለት ይቻላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በአማርኛ ከውኃ እንስሳት የሚበሉትን «ክንፍና ቅርፊት ያላቸው» ይላቸዋል፤ ክንፉ የሚዋኝበት አካል፣ ቅርፊቱ ደግሞ ሽፋን ነው። ቅርፊቱ እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ የሌላውን ጫፍ እየሸፈነ ስለሚደረደር ዓሣው ገላው ሳይጋለጥ እንደ ልቡ ይተጣጠፋል። ሆኖም ቆሮሶ ቅርፊት ሲኖረው አምባዛ የለውም፤ ስለዚህ «ብዙ ዓሣዎችን ይሸፍናል» ብለው ቢያስተካክሉት ይሻላል። የእባብንም ቅርፊት ቢጨምሩ መልካም ነው፤ በሆዱ በኩል ያለው ሰፋ ያለ ስለሆነ መሬቱን እየቆነጠጠ ወደ ፊት ለመሳብ ያገለግለዋል።

ጅማ ስላሉ ከበግ ይልቅ ጉሬዛን ምሳሌ ቢያደርጉ እመርጣለሁ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በ1835 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለዚህ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ጉሬዛ» የሚለውን የአገራችንን ቃል ወስዷል። ከጎኑና ከጅራቱ የሚወርደው ረጅም ነጭ ነገር፣ ጉሬዛው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለ እስካለ ድረስ፣ ፀጉር ተብሎ ይጻፍ፤ «የጉሬዛ ለምድ» የሚባለው ሰው ትከሻ ላይ ሲውል ብቻ ነው።