አራሷ ሳትመታ ከበለዘች፣ ፒቲቲ ብቻ ከረዘመ

እህቴ፣ ታናሽሽ አዳማ ከወለደች ሰባት ሳምንቷ ነው ብለሻል፤ ጭኗና ክንዷ ሳትመታ ይበልዛል፣ ፕላትሌቷና (ደም ለማርጋት የሚረዱ የደም ሕዋሳት) ፒቲዋ (ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ምርመራ) ደህና ነው፣ ፒቲቲዋ (ሌላው የደም መርጊያ ጊዜ ምርመራ) ግን ረዝሞ 80 ሰከንድ ነው፣ ዲክሎፌናክ (ጡንቻ ላይ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ) ልትወጋ ነው። እባክሽ መርፌው ይቅር።

ፒቲቲ ለብቻው ረዝሞ አራስ ከበለዘች መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሄሞፊሊያ (ደም በደንብ የማይረጋበት በሽታ) ነው። ሰውነቷ ደም የሚያረጋውን ፋክተር 8 የተባለ ፕሮቲን የሚያጠፋ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ያመርታል። በዘር የሚመጣ ስላልሆነ «ቤተሰባችን ውስጥ የለም» ማለት አያረጋጋም። ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከ1 እስከ 4 ወር ይታያል፤ አንዳንዴ እስከ ዓመት ይዘገያል። እጅግ ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሐኪም አይቶት አያውቅም፤ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

በቅድሚያ ፒቲቲው ይደገም። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ እስከ መስመሩ ካልሞላ፣ ወይም ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ከገባበት ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የተተከለ ቱቦ) ከተቀዳ፣ ውጤቱ በሐሰት ይረዝማል። ተደግሞም ረዥም ከሆነ ሚክሲንግ ቴስት ይታዘዝላት፦ የእሷና የጤነኛ ሰው ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይለካል። ፋክተር ብቻ ካነሰ ይስተካከላል፤ አንቲቦዲ ካለ አይስተካከልም። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ አንቲቦዲ የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሆነ ወዲያው ሲለካ የተስተካከለ ይመስላል፤ ድብልቁ በ37 ዲግሪ 2 ሰዓት ቆይቶ እንደገና መለካት አለበት። ቀጥሎ የፋክተር 8 መጠንና የአንቲቦዲው ልክ ይታያል። ናሙናው በ4 ሰዓት ውስጥ መሠራት ስላለበት ቱቦውን በሚኒባስ ከመላክ ሪፈር አጽፋችሁ እሷው ጥቁር አንበሳ የደም ሕክምና ክፍል ብትደርስ ይሻላል።

ደም ከፈሰሰ ኤፍኤፍፒ (ከለጋሽ የተወሰደ ፕላዝማ) ብቻውን አይበቃም፤ የገባውን ፋክተር አንቲቦዲው ያጠፋዋል። የሚያስፈልገው ፋክተር 8ን ዘሎ ደም የሚያረጋ መድኃኒት ነው፤ ለምሳሌ ፋክተር 7ኤ፣ በኪሎ 90 ማይክሮግራም በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ። አንቲቦዲውን ለማጥፋት ፕሬድኒሶሎን በቀን በኪሎ 1 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ማጥባት አያስቆምም። ሳይክሎፎስፋማይድ (አንቲቦዲውን ለማጥፋት የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት) ከተጨመረ ግን ጡት ይቆማል፤ ወደፊት መውለድንም ሊጎዳ ስለሚችል ሳይጀመር ተነጋገሩበት።

እስከዚያ ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌ ሁሉ ይቅር፤ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌም ጭምር። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አይሰጧት፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ትውሰድ። እብጠቱን ወጌሻ አይሸው፣ መግል ነው ተብሎም አይቀደድ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ጥቁር ሰገራ፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ ወይም በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚሞላ ደም ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ አዳማ ሆስፒታል ድንገተኛ ውሰዷት፣ የፒቲቲውንም ወረቀት አትርሱ።